ጉልበቴና የአውስትራሊያ ኳስ

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና ፓርክ አደርግ ነበር፤ ሥራው ሩጫ ነው። የሆቴሉ ምግብ አብሳይ አውስትራሊያዊ ነበር። አንድ ቀን ስሮጥ አይቶኝ፣ "ቅዳሜ ና፣ የእኛን ኳስ ተጫወት" አለኝ። ሄድኩ። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይለጋል፣ ሰው በሰው ላይ ይዘላል። የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያሉበት የፌርፋክስ ሰፈር ጓደኞቼ "እንቁላል ስታባርር ልትሞት ነው" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ እንደሆንኩ በሕይወቴ ጎበዝ የተባልኩት እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዋናው ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዘልዬ ስወርድ ጉልበቴ ዞረ። አብሳዩ "ሐኪም ሳያይህ እንዳትረግጠው፤ የክለቡ ኢንሹራንስ ይከፍላል" አለኝ። ሐኪም ምን እንደሚል መች አጣሁት፤ ተቀመጥ ነው የሚለኝ። ስለዚህ ሚድ ሲቲ ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ ጋሼ ሄድኩ፤ አገር ቤት ሳሉ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፣ ጎተቱት፣ ቀጭ አለ። "በቃ፣ ገብቷል" አሉኝ። ለድካማቸው ምንም አልተቀበሉኝም፤ ሾርባ አጠጥተው፣ መርቀው ሸኙኝ።

በውድድሩ ቀን ጉልበቴን በጨርቅ ጠፍሬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ኳስ ለመያዝ ዘለልኩ፤ ስወርድ እግሬ አልተቀበለኝም። ሐኪሙ በኋላ የጉልበቴን ፎቶ እያሳየኝ፣ "ጅማቱ በመጀመሪያ የተቀደደው በትንሹ ነበር፤ አርፈህ ብትቀመጥ ይድን ነበር። አሁን ተበጥሷል" አለኝ። በገዛ እጄ። ማንን ልክሰስ? ቀዶ ጥገናውም እንደነበረ አላደረገውም። አሁን የሆቴሉ መውጫ ላይ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ፤ ሌሎቹ ሲሮጡ አያለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ከአልጋ መነሣት ያስጠላኛል። ይለመዳል ይሉኛል። አልለመድኩትም፣ የምለምደውም አይመስለኝም።

ጋሼን ፌርፋክስ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ቀዶ ጥገናው አልሰሙም። ሳያቸው እንዳላነክስ ጥርሴን ነክሼ እራመዳለሁ። ባለፈው አስቁመውኝ፣ "እግርህስ?" አሉኝ።

"ድኗል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"ታዲያ ኳሱን ለምን ተውከው? ጉብዝናህን ስንቱ ያወራልኝ ነበር እኮ።"

ምን ልበላቸው? ከሁለት ዓመት በላይ "ልጄ በእጄ ዳነልኝ" ሲሉ ኖረዋል።

"ሰለቸኝ" አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። "እግዚአብሔር ደህና እግር ሰጥቶህ ትቀመጣለህ?" አሉና ተቀይመውኝ ሄዱ።