ከቬነስ ያነሰችው መሬት

አማቼ ቶርኖ ላይ አርባ ዓመት የቆመ እንጨት ሠሪ ነው። የጠረጴዛ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የአልጋ ራስጌ ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ከእጁ ወጥቶ የተመለሰ ሥራ የለም። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። አንድ ሚሊሜትር ላጠረ የወንበር እግር ብሎ ሦስቱን ደህና እግሮች ነቅሎ እንደ አዲስ ስለሠራ ሰፈሩ «ጋሽ ሚሊ» ይለዋል። እኔ ደግሞ እህቴን ባገባ ጦስ ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩ፣ እንጨት የማደርቅ፣ የማለሰልስና ቫርኒሽ የምቀባ ሰው ነኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መዋል ምን እንደሆነ ያየ ብቻ ያውቀዋል።

ጣጣውን ያመጣብን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። አንገቱን በክራባት አንቆ፣ ጫማውን ከመሰንጠቂያው ብናኝ እያሸሸ ገባና አራት የእንጨት ኳስ አዘዘ። ለፀሐይ የሚቀርቡት አራቱ ድንጋያማ ፕላኔቶች፣ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬትና ማርስ፣ ተማሪዎቹ በእጃቸው ዳሰው እንዲያወዳድሯቸው ነው አለ። የሳይንስ መምህሯ ልካቸውን በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች። መሬት ሠላሳ ሴንቲሜትር ከሆነች ቬነስ ሃያ ስምንት ተኩል፣ ማርስ አሥራ ስድስት፣ ሜርኩሪ አሥራ አንድ ተኩል።

«ብዙ አይጨነቁበት» አለ ዳይሬክተሩ። «ዋናው ለእንግዶቹ ቀን መድረሱ ነው። እንደው ልኩንስ ማን ያየዋል?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አማቼ አልሳቀም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እንግዲህ ሞኝ ወረቀት ሲይዝ አስቡት። ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ ብቻ አነበብኩለት፤ በቃሉ ያዛቸው። ከዚያ ወዲያ ቤቱም ሥራ ቤቱም ፕላኔት ብቻ ሆነ። ሜርኩሪ ውስጧ አብዛኛው ብረት ነው የሚል ከወረቀቱ ግርጌ ስለነበረ፣ ያቺን የብርቱካን ታላቅ እህት የምታህል ኳስ ሰርስሮ ብረት ቀበረባት። ልጆቹ ሲያነሷት ከመጠኗ በላይ እንድትከብዳቸው ነው አለ። ማርስ ላይ ከመሬት ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ተራራ እንዳለ ሲሰማ ዳይሬክተሩ ጉብ ያለ ነገር እንዲለጠፍ ፈለገ። አማቼ ግን አስልቶ አስልቶ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አጣበቀ። «ልኩ ይሄ ነው» አለ። ቬነስ በራሷ ዙሪያ አንዴ እስክትዞር ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች፣ ቀኗ ከዓመቷ ይረዝማል ብሎ ለእህቴ ሲያወራ፣ «በል ያንተ ዘመድ ናት» አለችው። ከቤተሰቡ ደህና ቀልድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ችግሩ መሬት ነበረች። ለቬነስ ከድሮ ጀምሮ የደረቀ ግንድ ነበረን። ለመሬት የሚበቃ ወፍራም ግን አልነበረምና እርጥብ ገዛን። እንዲህ ያለ ኳስ በአንድ ጊዜ አይጨረስም። መጀመሪያ ከልኩ ወፈር ተደርጎ ይከረከምና ለወራት ይቀመጣል። ሰኞ ሰኞ ይመዘናል፤ ክብደቱ እዚያው እንጨቱ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ውሃው እየወጣ ሲሄድ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም እንጨቱ ደርቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ልኩ ይገባል። አማቼ ዓይኑ ለቅርብ ነገር ደክሟል። ልክን በጣቱ ያውቃል፣ የሚዛን ቁጥር ግን አይታየውም። የማነብለት እኔ ነበርኩ።

ዳይሬክተሩ በየሁለት ቀኑ ብቅ ይላል። «ኧረ አሁንም አልደረሰም? ለአንድ ኳስ!» ይላል። እኔም ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ሰኞ ሚዛኑ ካለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ግራም ወርዶ አየሁ።

«ስንት ይላል?» አለኝ አማቼ።

«ያው ነው። ቆሟል» አልኩት፤ የባለፈውን ቁጥር ደግሜ በጠመኔ ጻፍኩ። ላዩ ደርቋል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ማን ያየዋል ብዬ ነው። የዳይሬክተሩን ቀልድ ሳላስበው የራሴ አድርጌው ነበር።

አማቼ አመነኝ። መሬትን ሠላሳ ሴንቲሜትር ላይ አሳረፋት፤ ቫርኒሽ ቀባኋትና አስረከብን።

ከአንድ ወር በኋላ የእንግዶቹ ቀን ደረሰና ተጠራን። ክፍሉ በክራባት ተሞልቷል። አራቱ ኳሶች ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተደርድረዋል። ዳይሬክተሩ አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናትን ተማሪ ወደ ጠረጴዛው መራና «በይ ለእንግዶቻችን አስረጂ» አላት።

ልጅቷ ሜርኩሪን አነሳች። «ትንሽ ናት፤ ግን ትከብዳለች። ብረት ስላላት ነው» አለች። ማርስን አገላብጣ ቅንጣቷን በጥፍሯ አገኘቻትና ፈገግ አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ቬነስ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ፣ እንደገና ቬነስ ላይ አሳረፈች።

«ቬነስ ትበልጣለች» አለች።

«ተሳሳትሽ» አለ ዳይሬክተሩ። «የምትበልጠው መሬት ናት። ተምረሽዋል እኮ!»

«መማሩንስ ተምሬያለሁ። ይቺ ግን ታንሳለች። እዚህ ጋ ሾል ብላለች፤ ከሥር ደግሞ ተሰንጥቃለች።»

ዳይሬክተሩ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ያችን ሳቁን ሳቀ። «ያው ስለማያዩ አንዳንዴ ይምታታባቸዋል» አለ። እንግዶቹ በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁሉ ዓይን መካከል ኳሷን ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም።

አማቼ ዝም ቢል የሚነካው አልነበረም። አርባ ዓመት ሲፎክርበት የኖረው ስሙ እንደ ነበር ይቆይ ነበር፤ ነውሩም ለልጅቷ ይቀር ነበር። እኔ ዝም በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት። እሱ ግን ከኮቱ ኪስ ውፍረት የሚለካበትን ባለሁለት እግር ካሊፐር አወጣ። እግሮቹን ከፍቶ ቬነስን እንዲነካ አድርጎ ያዘና፣ ሳያላላ ሳያጠብቅ ወደ መሬት አዞረው። ካሊፐሩ መሬትን ሳይነካ አለፈ።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለ አማቼ። «እንጨቱ ሳይደርቅ ነው የሠራሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ ብሎ «ደግሜ እሠራታለሁ፣ ግን ስምንት ወር ይፈጃል» አላት።

«እጠብቃለሁ ጋሼ» አለችው።

ዳይሬክተሩ ስንጥቁ በኮላ ይደፈን ብሎ ተከራከረ። አማቼ አልሰማውም፤ መሬትን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ለስምንት ወር ያ ትምህርት ቤት መሬት የሌለችበትን ሰማይ ሲያስተምር ከረመ። ዳይሬክተሩ ጎደለኝ ብሎ አንድም ቀን አልመጣም።

መንገድ ላይ ልሸከምልህ ብለው እምቢ አለ። ሥራ ቤት ስንደርስ ኳሷን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶኝ ጠየቀኝ።

«ያን ሰኞ ስንት ነበር ያልከኝ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ የቀለድኩበት ሰው ፊት ቆሜ የቫርኒሽ ብሩሼን መጥረግ ጀመርኩ። ከዳይሬክተሩ የምሻልበትን ነገር ፈለግሁ፤ ክራባት ካለማሰሬ በቀር አጣሁ። እሱ ኮቱን አውልቆ የሥራ ካፖርቱን ለበሰ።

አዲሱን ግንድ ከርክመን አስቀመጥን። ሰኞ ደረሰ። እንደ ልማዴ ሄጄ ሚዛኑ አጠገብ ቆምኩ። አማቼ ከኪሱ አንድ ማጉያ መስታወት አወጣ፤ መቼ እንደገዛው አላውቅም። በሸሚዙ ጠረገው፣ አፍንጫው ሚዛኑን እስኪነካ አጎነበሰና እያንዳንዱን ቁጥር በከንፈሩ እያነበነበ ቆየ። ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ በተንጋደደ ጽሕፈት እንጨቱ ላይ ጻፈ።

«ላንብብልህ ጋሼ?» አልኩት።

«አንተ ቫርኒሽህን ቀባ» አለኝ።