አንድ ዓይን ተኩል

አንጥረኛው ተክለጻድቅ ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራ ነበር። ሌሎች አንጥረኞች መስቀልና ጉትቻ ሲሠሩ እሱ የሰው ፊት በብር ያወጣል። መምህር አልነበረውም፤ አንድ ፈረንሳዊ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሠራው የነሐስ ሜዳሊያ እጁ ገብቶ፣ ጉንጭ ከብረት ላይ እንዴት እንደሚነሣ እሱኑ እያገላበጠ ተማረ።

በ1930 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ የጣሊያን ካፒቴን አስተርጓሚውን ዓባይነህን አስከትሎ መጣ። ለእናቱ የሚልከው የራሱ መልክ በሳምንት ውስጥ እንዲደርስለት አዘዘና ሄደ።

የተክለጻድቅ ሚስት ቦሰና ግድግዳውን አየች። ባለፈው ዓመት በየካቲቱ ጭፍጨፋ የተገደለው የባሏ ወንድም ከብር ውስጥ ይመለከታታል።

«ልትሠራለት ነው?»

«እምቢ ብል አንገቴን ነዋ!»

«ከወንድምህ እኩል ሁለት ዓይን ልትሰጠው?»

«ሁለት ነው ማን አለሽ?»

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ያያሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ልደታን የተሳለመ ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል። ካፒቴኑ አያውቅም።

በሳምንቱ መልኩን ሲያይ ፈነደቀ፤ አፍንጫውን በጣቱ እየተከተለ፣ እንደሱ በጎን ሆነው ሳንቲም ላይ የሚታዩትን የሮማ ቄሣሮች ስም ጠራ። ዓባይነህ ግን ሳቁን መያዝ አቃተው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ ነው፤ አባቱ ይሁዳን ሲሥል ቀለም ያቀብል ነበር። ካፒቴኑ ዞሮ አፈጠጠበት፣ አንድ ነገርም ጠየቀው። ዓባይነህ በጣሊያንኛ ሲመልስ ተክለጻድቅ እጁ ላይ ያለው መዶሻ ከበደው። ካፒቴኑ ቀና ብሎ አንጥረኛውን አየ፤ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

በማግስቱ ዓባይነህ ብቻውን መጣ።

«ምን አልከው?» አለ ተክለጻድቅ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«እንዲህ አድርጎ የሚሠራው ለተመረጡ ሰዎች ነው አልኩት። ዋሸሁ እንዴ?»

«ኧረ አልዋሸህም።»

«ሁለት ጓደኞቹም ይፈልጋሉ።»

«ይምጡ፤ ዓይን ይተርፈኛል።»

ዓባይነህ ሳቀ፤ ግን አልሄደም። ባርኔጣውን እጁ ላይ አዞረ።

«ጋሼ፣ የኔንም ቢሠሩልኝ... በሁለት ዓይን።»

ተክለጻድቅ ልብሱን አየ፣ የጣሊያን ነው። አፉን አየ፣ ትናንት ነፍሱን ያተረፈለት እሱ ነው። ቦሰናን ቢያያት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ቁጭ በል» አለው።

ሲጨርስ ፊቱን ትንሽ ዘወር አድርጎ አወጣው፤ አንዱ ዓይን ሙሉ፣ ሌላው ከአፍንጫው ጀርባ ግማሹ ብቻ የሚታይ።

ዓባይነህ ቆጠረ። «አንድ ተኩል ነው እኮ!»

«የቀረውን ጌቶችህ ሲወጡ ና፤ እጨርስልሃለሁ።»