ሳይነበብ የተሸፈነ አንገት

እሷን አዲስ ያየ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ኮሌታዋ ላይ ነው። ፀሐይ የሱቁን ቆርቆሮ በምታግልበት ቀን እንኳ እስከ አገጯ ተቆልፎ ይውላል። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች "እትዬ ኮሌታ" ይሏታል። አጠገቧ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉት ሽማግሌማ፣ ስትተኛም ተቆልፋ ነው እያሉ ያሾፉባታል። እሷም ፈገግ ብላ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

ከኮሌታው ሥር ሰማያዊ መስመሮች አሉ። ልጅ ሳለች አክስቷ በመርፌና በጥላሸት የነቀሰቻት ናቸው። ያኔ ንቅሳት የሌለው አንገት ራቁቱን እንደወጣ ይቆጠር ነበርና ሕመሙን ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ እብጠቱ ሳይጠፋ በየጎረቤቱ እየዞረች አሳየችው። ከተማ ስትገባ ግን ያው ጌጥ የባላገር ማኅተም ሆነ። እሱንም ችላው ነበር። ያልቻለችው የገዛ ልጇን ነው። ልጅቷ ፊደል በቆጠረች ሰሞን፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ጣቷን ወደ እናቷ አንገት ቀስራ፣ "እማዬ፣ እዚህ ምን ተብሎ ነው የተጻፈው?" አለች። በሩን የሞላው ወላጅ ሁሉ ሳቀ። እናት በማግስቱ የመጀመሪያውን ረጅም ኮሌታ ሰፋች።

አሁን ያቺ ልጅ ልታገባ ነው። እናት በሠርጉ ፎቶ ላይ እንዳላሳፍራት ብላ፣ ንቅሳት በጨረር የሚያጠፋ ክሊኒክ ለዛሬ ከሰዓት ቀጠሮ ይዛለች።

ልጅቷ ቬሎዋን ልትለካ መጣች። እናት ከንፈሯ መሀል እስፒል ደርድራ ወገቡን እየያዘች፣ እንደ ዋዛ፣ ከሰዓት ላስጠፋው ነው አለቻት፤ እስፒሉ ግን ቃሉን አጎላደፈባት።

"ምኑን ታሰፊዋለሽ? እንዲያውም ሰፍቶኛል" አለች ልጅ።

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። እናት እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና ኮሌታዋን ነካች።

"ወገቡን ማን አለ? ይሄን ነው። ያኔ አፍረሽብኝ የለ?"

ልጅቷ እስፒል የተሰካበትን ቬሎ እንደለበሰች ዞረች። ያኔ የሳቁት ወላጆቹ እንጂ እኔ መቼ አፈርኩ አለቻት። ያን ሰሞን የመንገድ ታፔላ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር።

"ሁሉንም አነበብኩ፤ አንቺን ብቻ ሳልጨርስ ሸፈንሽብኝ።"

ከዚያ እጇን ሰዳ የእናቷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን። መስመሮቹን በጣቷ ከግራ ወደ ቀኝ ተከተለቻቸው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ልክ እንደ ያኔው። እናትን መኮርኮሩ አሳቃት።

"የቬሎዬ አንገት ላይ እንዲሁ አድርገሽ ጥለፊልኝ" አለች ልጅ።

እናት የክር ሳጥኑን ከፍታ አገላበጠች። ሰማያዊው አልቋል። መቀሷን አስቀምጣ ተነሣች።

"እትዬ፣ ቁልፍሽ" አሉ ሽማግሌው፣ ከልማድ።

"አውቃለሁ" አለችና ወጣች፤ ወደ ክሊኒኩ ሳይሆን ወደ ክር ተራ። ከሱቁ ሆነው የሚያዩዋት ጀርባዋን ብቻ ነው። ከፊት ለፊቷ የሚመጡት ግን አንገቷን እያዩ ያልፋሉ፤ እሷም እንዲያዩት ቀስ ብላ እየሄደች ራቀች።