ከጠበቃ በፊት የጻፍሁት ወረቀት

ሥራ የጀመርሁት ገዳሪፍ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው የዐም በሽር ነበር፤ ዐም በዐረብኛ አጎት ማለት ነው። ዐም በሽር አቤቱታ እየጻፈ የሚኖር ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ የአገሩ ሰው አርዳሃልጂ ይለዋል። ለዳኛ፣ ለፖሊስ፣ ለመሬት ቢሮ፣ ማኅተም ላለው ሰው ሁሉ የሚገባ ወረቀት ከሱ ጠረጴዛ ይወጣ ነበር። እኔ ወላጆቼ በረሃቡ ዘመን ከመተማ ቆላ ይዘውኝ የተሻገሩ፣ አማርኛውን ቤት፣ ዐረብኛውን ትምህርት ቤት የተማርሁ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ሥራ ፈት ነበርሁ።

የመጀመሪያው ባለጉዳዬ ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ሰው ነው። ወንድሙ ከእርሻው ኃላፊ ጋር ተደባድቦ ታስሯል። እኔ ማን ቀድሞ እንደ ተማታ፣ ማን እንዳየ፣ ዱላው የማን እንደ ነበር፣ አንድም ሳላስቀር ሁለት ገጽ ሞላሁ። ዐም በሽር አነበበና አራት አጥፎ ባጠረው የጠረጴዛ እግር ሥር ወተፈው።

«ይኼ ወሬ ነው» አለኝ። «በል ጻፍ። ጥፋቴን አምናለሁ፤ ተጸጽቻለሁ፤ ከምሕረትዎ በር ቆሜ እለምናለሁ። ሹም የሚምረው ያመነለትን ነው። የሚከራከረውን ማን ይወዳል?»

ታሳሪው በሦስተኛው ቀን ተፈታ። እኔም ያችን ዐረፍተ ነገር እንደ ሃይማኖት ያዝኋት።

ዐም በሽር ሲሞት ጠረጴዛውን ወረስሁ። መሣሪያዬ እስክሪብቶ፣ ካርቦን፣ የጣት አሻራ ቀለምና ቅጂ የማስቀምጥበት የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ለማን እንደሚጻፍ እጠይቃለሁ። የቀረውን እጄ ያውቀዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖርሁ።

ሰው ከወረቀቱ ጋር አንድ ሌላ ነገርም ይጠይቀኛል። «አያ ኑሩ፣ ለመሆኑ የትኛው ጠበቃ ይሻለናል?» እኔም ሳላስብ «ኡስታዝ ሙክታር» እላለሁ፤ እዚህ ጠበቃን ኡስታዝ ነው የሚሉት። ቢሮው ቅርብ ነው፤ ሰላም ሳይለኝም አያልፍም። ከዚያ በላይ ምክንያት አልነበረኝም። ማንም ምክንያት አልጠየቀኝም።

ከዚያ ጦርነቱ ካርቱምን ሲያፈርስ ጠበቆቿ ወደኛ ፈለሱ። የፍርድ ቤቱ መንገድ በአንድ ክረምት በጠበቃ ታፔላ ተሞላ፤ ባለ ፎቁም፣ ባለ ድንኳኑም፣ ከልብስ ሰፊ ጋር ክፍል የተጋራውም ጠበቃ ነው። ያኔ ግራ መጋባት ጀመርሁ። የመሠረት ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

መሠረት የፈንቴ ልጅ ናት። ፈንቴ የቋራ ሰው ነው፤ ፋሽጋ እርሻዎች ላይ ትራክተር ሲነዳ አርጅቷል። ልጅቱ ገዳሪፍ ተወልዳ እዚሁ አድጋ ነርስነት ትማር ነበር፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ከትምህርቷ ጎን ለጎን በኮሌጁ ማባዣ ክፍል ታግዛለች። አንድ ቀን ገና ያልተሰጠ ፈተና በተማሪዎች ስልክ ሲዞር ተገኘ። ኮሌጁ እሷን ጠረጠረ። ከትምህርት አገዳት፣ ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራ፣ ለፖሊስም አመለከተ። ሁለት ቀን ታስራ በዋስ ወጣች። ከተፈረደባት ትምህርቱ አለቀ፤ የመኖሪያ ወረቀቷም ይበላሻል።

ፈንቴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ልጁን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ።

«አያ ኑሩ፣ ይቅርታ ጻፍልን። የኮሌጁን ዲን ይቅር እናሰኘውና ነገሩ እዚያው ይሙት።»

መሠረት ከኋላው ቆማ ነበር። «ወላሂ አልሰረቅሁም!» አለች። «ያልሠራሁትን ምን ብዬ ነው ይቅር በሉኝ የምለው?»

«ልጀ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ ሁሉ አጥፍቶ መሰለሽ?» አላት ፈንቴ። «ለሰላም ነው። ለኔ ስትይ።»

እውነቱን ነው። በኛ አገር ሰው ከተቀየመው ሰው ደጅ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ይገባል፤ ሽማግሌ ካለ ያላጠፋም ይሸከማል። ተበዳይ ነኝ ባዩ ድንጋዩን ያወርድለታል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማን ምን እንዳደረገ ተመልሶ የሚቆፍር የለም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም እስክሪብቶዬን ከፈትሁ።

«ወረቀት እኮ ነው» አልኋት። «ምን ይጎዳሻል?»

ይችን ቃል ዛሬም ሳስባት ጆሮዬን ታቃጥለኛለች። መሠረት አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈረመች።

ዲኑ በክብር ተቀበለን። ሻይ አዘዘልን፤ «ልጃችን ናት» አለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። ፈንቴም ለምስጋና እጄን ይዞ አልለቅም አለ፤ እኔም የሚገባኝ መሰለኝ።

በዐሥረኛው ቀን ዐቃቤ ሕግ መሠረትን ጠራት። የጻፍሁት ወረቀት ከመዝገቡ ላይ፣ ከሁሉም በፊት ተያይዟል። ኮሌጁ እንደ እምነት ቃል ልኮታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔው ደግሞ ፊርማ አለበት።

የዐቃቤ ሕጉን ጸሐፊ «ይኼ የምሕረት ልመና ነው እንጂ የእምነት ቃል አይደለም» አልሁት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ጥፋቴን አምናለሁ።» የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ምን እላለሁ?

አሁን ጠበቃ የግድ ሆነ። ፈንቴ እኔንና መሠረትን ይዞ ዞረ።

አንደኛው ባለ ፎቁ ነው፤ ከካርቱም የመጣ፣ ግድግዳው በምስክር ወረቀት የተሸፈነ። «ከዳኛው ጋር አብረን ነው የተማርን። ጉዳዩ አልቋል በሉ» አለ። ከፈንቴ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ሸኘን። የልጅቱን ስም እንኳ አልጠየቀም። ፈንቴ ደረጃውን ሲወርድ ፊቱ በርቷል፤ «ሰውየው እኮ ቃል ሰጠን!» ይለኛል።

ሁለተኛው የኔው ሙክታር ነው። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። «አምናለች፤ ምን ያከራክራል? ችሎትም ቀርባ ትመን። ለጋ ናት፣ ቀላል ቅጣት ይሰጧታል፤ በሳምንቱ ቤቷ ናት።»

«ኮሌጁስ?» አለች መሠረት።

«እሱ የኔ ሥራ አይደለም» አላት። ክፉ ሰው አይደለም ሙክታር። ሥራውን እንደ ለመደው ነው የሚሠራ፤ እንደኔ።

ሦስተኛዋን ያገኘቻት ራሷ መሠረት ናት፤ የክፍል ጓደኛዋ ነግራት። ኡስታዛ ሰልማ ትባላለች። እሷም የካርቱም ተፈናቃይ ናት፤ ልብስ ሰፊው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዛለች። ገና ስንገባ «አባቷም፣ እርስዎም፣ እባካችሁ ውጭ» አለችን። ፈንቴና እኔ ሰፊው ዘንድ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል፣ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሽማግሌ ከልጁ ጉዳይ ውጣ ሲባል በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በኋላ ስትጠራን የተናገረችው አጭር ነው። «በመጀመሪያ የጠየቅኋት እስካሁን ምን እንደ ፈረመች፣ ለማን፣ ማን ባለበት ነው። የኮሚቴው ስብሰባ እንዲራዘም ነገ እጠይቃለሁ። እዚያ የምትናገረው ሁሉ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ይመጣል። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ሳታማክር ከኮሌጁ ማንንም አታናግርም፤ ሽማግሌም አይሄድላትም።»

«ነጻ ትወጣለች?» አለ ፈንቴ።

«አላውቅም።»

ፈንቴ መንገዱ ላይ ሲደርስ ፈነዳ። «አላውቅም የሚል ጠበቃ! አላውቅምንማ እኔም አውቀዋለሁ!»

ሳቄ መጣ፤ ግን ግራ መጋባቱ የኔም ነበር። አንዱ አለቀ ይላል፣ አንዱ እመኚ ይላል፣ አንዷ አላውቅም ትላለች። የሦስቱም ካባ ጥቁር ነው፤ የሚጠቅሱትም አንድ ሕግ ነው። «አንተ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጠህ ካላወቅህ ማን ይወቅልን?» አለኝ ፈንቴ። እኔ የተቀመጥሁት በሩ ላይ እንጂ ውስጥ አልነበረም።

የወሰነችው መሠረት ናት። «አባቴ፣ እኔን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት» አለችው። ፈንቴ ብዙ አጉረመረመና እሺ አለ።

በማግሥቱ ሰልማ መጥታ ከባለጉዳይ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለች።

«ዐም ኑሩ፣ ‹ጥፋቴን አምናለሁ› የሚለውን መሠረት ነግራዎት ነው የጻፉት?»

«የለም። እሷስ አልሰረቅሁም ነው ያለች።»

«ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ?»

እኔ እንጃ፣ እጄ ወደ ቆርቆሮው ሣጥን አመለከተ። ሰልማ ሣጥኑን ብዙ አየችው። «ቃሉ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ከሆነ ለዳኛው ላሳያቸው፤ ቅጂዎቹን ያምጡልኝ፤ ራስዎም ይመስክሩልኝ። የሰዎቹን ስም እሸፍነዋለሁ» አለች።

እንቢ አልሁ። ሙክታርም ሰምቶ «ዐም ኑሩ፣ በገዛ እጅህ ጠረጴዛህን ልትሰብር ነው?» አለኝ። ልክ ነው። ‹የማይሉትን የሚጽፍ› ተብሎ ከተመሰከረ ማን ከኔ ዘንድ ይቀመጣል? እንቅልፍ አጣሁ። ፈርቻለሁ፤ አፍሬያለሁም።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግሁ። ለሰልማ «ይኼውና ሁሉም አንድ አይደለም» ለማለት፣ የተለየ ወረቀት ልፈልግ ሣጥኑን ከፈትሁ። አንድ በአንድ አየሁ። በግ የሰረቀው፣ ሚስቱን የመታው፣ ያለ ፈቃድ የነገደው፣ መፋዛ ከምትባል መንደር የእርሻ ውኃ ጠለፈ የተባለው። ስሙ ይለያያል እንጂ ወረቀቱ አንድ ነው። ማን አጥፍቶ ማን ሳያጠፋ እንደ ፈረመ ከወረቀቱ ላይ መለየት አልቻልሁም። ግማሽ ቀን ፈልጌ ሲያቅተኝ ሣጥኑን ተሸክሜ ወደ ሰልማ ሄድሁ።

ለምስክርነት ችሎት ቆምሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከዚያ ደጅ ተቀምጬ፣ ወደ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ዳኛው ወረቀቱን አሳዩኝ። «ይኼን አንተ ጻፍህ?»

«አዎ፣ መውላና» አልሁ፤ ዳኛ እዚህ የሚጠራው እንዲህ ነው።

«አጥፍቻለሁ ብላ ነገረችህ?»

«የለም፣ መውላና። አላጠፋሁም አለች።»

«ታዲያ ለምን አምናለሁ ብለህ ጻፍህ?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ መውላና።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ሰልማ ስማቸውን የሸፈነቻቸውን ዐሥራ አንድ ቅጂዎች አቀረበች። ዳኛው አንዱን ለራሳቸው አነበቡ፣ ሌላውን አነሡ፣ ሦስተኛውን ጮክ ብለው አነበቡ። ባለ በጉም፣ ባለ ውኃውም፣ መሠረትም፣ ከምሕረትዎ በር ቆመው ይለምናሉ። ሳቁ ቆመ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሰልማ አንሥታው ስለ ነበር ዳኛው ከዚያ ስለ ድንጋዩ ጠየቁኝ፤ ያላጠፋ ሰው ለምን እንደሚሸከም፣ እንደ አቅሜ አስረዳሁ። ፈንቴ ከኋላ ወንበር እንባውን በጋቢው ይጠርግ ነበር።

ወረቀቱ ከማስረጃ ወጣ። ከሱ ሌላ የቀረው ማስረጃ መሠረት የማባዣውን ክፍል ቁልፍ መያዟ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በሦስት ሰው እጅ እንደ ነበር የኮሌጁ ምስክር ራሱ ተናገረ። መሠረት በነጻ ተሰናበተች። ኮሚቴው እየጎተተ ቆይቶ እገዳውን አነሣ፤ ግማሽ ዓመት ባክኖባታል። ፈተናውን ማን እንዳወጣው ዛሬም አይታወቅም። እኔም አላውቅም።

ባለጉዳዮቼ ቀነሱ እንጂ አልጠፉም። እኔ ግን እስክሪብቶውን ሳነሣ እጄ ይቆምብኝ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ሥራውን ተውሁ።

ጠረጴዛውን ከመሸጤ በፊት መሠረት መጣች። ተመርቃ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ክሊኒክ ልትሠራ መሄዷ ነው፤ ቦርሳዋን ይዛለች።

«ዐሚ ኑሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ወረቀት ሲጽፉ አምነውኝ ነበር?»

ቢያንስ አዎ ወይም አይ ለማለት ፈለግሁ። ሁለቱም ውሸት ይሆኑብኛል። ማመንም አለማመንም አላሰብሁም ነበር። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ለማን እንደሚጻፍ ነው የጠየቅሁት።

«አልጠየቅሁሽም» አልኋት።

«ኻላስ፣ በቃ» አለች። እጄን ስማ አውቶቡሷን ለመያዝ ሄደች።

አሁንም ሰው መንገድ ላይ አቁሞ የትኛው ጠበቃ ይሻላል ይለኛል። የጠበቃ ስም መጥራት ትቻለሁ። የምለው ይኼን ብቻ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደ ፈረማችሁ የሚጠይቃችሁን ያዙ። እሱን እስክታገኙ እንደኔ ካለ ሰው ጠረጴዛ ላይ አትፈርሙ።