አባቴ የሚቆፍሩት ወርቅ

ሳምንቱን ሙሉ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቄ ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ! ማይ ፍሬንድ፣ የስልክ ካርድ!» ስባል ስለምከርም፣ እሁድ ከቸርች ስወጣ የሰው ፊት ማየት አልፈልግም። ጓደኞቼ ሮዘተንቪል የሚባለው የጆበርግ ሰፈር ተሰብስበው ስለ መኖሪያ ወረቀትና ስለ ዝርፊያ ሲያወሩ ይውላሉ። ሰልችቶኛል። እኔ ብረት መፈለጊያ ማሽኔን ተሸክሜ፣ ከድሮው የማዕድን አፈር ክምር ጀርባ ወዳለው ሜዳ እሄዳለሁ። ባለ መሬቱ ፈረሶቹን እስካላስደነገጥኩበት ድረስ ግድ የለውም።

ማሽኑን የሸጠልኝ ወደ አገሩ የተመለሰ ፖርቹጋላዊ ጎረቤቴ ነው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ዘንጉን ግራና ቀኝ አወዛውዛለሁ፤ ሲጮህ ተንበርክኬ እቆፍራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የቢራ ቆርኪ ነው። ኤጭ! አንዳንዴ ግን የድሮ ወታደር የኮት ቁልፍ ይገኛል። አንድ ቀን ደግሞ የማዕድን ሠራተኛ እንደ መታወቂያ ይይዘው የነበረ ክብ ናስ አገኘሁ፤ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ይሄም ሰውዬ እንደኔ ከሩቅ መጥቶ ነው ቁጥር የሆነው አልኩ። በሸሚዜ ጠርጌ ኪሴ ከተትኩት።

ያንን ናስ ፎቶ አንስቼ ሆሳዕና ላለው የአክስቴ ልጅ መላኬ ነው ጉድ ያፈላው። ወሬው አባቴ መንደር ሲደርስ ናሱ ወርቅ ሆኗል። እኛ አገር ደግሞ ጣልያን ሲሸሽ ወርቅ ቀብሮበታል የማይባል ጉብታ የለም። አባቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያ ማሽንህ ስንት ክንድ ድረስ ያያል?»

«አባ፣ አንድ ስንዝር ካየ ትልቅ ነገር ነው። እሱም ቆርኪ ነው።»

«እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በስልክ አይወራም።»

ሳቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ደውሎ ሳቄን አጠፋው። አባታችን ጓሮውን እየቆፈሩ ነው፣ እንሰቱንም ነቃቅለውታል አለኝ። ፎቶም ላከልኝ፤ ገና ለቆጮ ያልደረሰ እንሰት ተጋድሞ፣ ከጎኑ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ተክለው ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም፣ ዓመታት ይፈልጋል። እናቴም የወንድሜ ልጆችም የሚበሉት ከዚያው ጓሮ ነው። ደሜ ፈላ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይሄ ነው! ደንበኛ ፍርግርጉን እያንኳኳ ለአባቴ ደወልኩ።

«አባ፣ በፈጠረዎት ይተዉ! ቤተሰቡ ምን ሊበላ ነው? እኔ የወርቅ ከተማ በሚባለው ጆበርግ እየኖርኩ ወርቅ በዓይኔ አላየሁም። እዚያ ጓሮ ምንም የለም!»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ደክሟቸዋል።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ተወልጄ ያደግኩበት ጓሮ አይደል እንዴ? ጣልያን በዚያ በኩል አላለፈም።»

«ታዲያ ለምን ይቆፍራሉ?»

«ማሽኑን ይዘህ ትመጣ እንደሁ ብዬ ነዋ። ናፍቀኸናል ብልህ አልመጣህ፤ እናትህ ታመመች ብልህ አልመጣህ። ወርቅ አለ ሲባል የማይመጣ ሰው ደግሞ አላየሁም።»

የያዝኩት የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ እዚያ ከቀረሁ ደግሞ ያን ሁሉ ቤተሰብ ማን ይደግፈዋል? ይሄን ስንቴ አስረድቻቸዋለሁ። ወረቀት ልጅን ከአባቱ ይከለክላል ብለው ማመን አልቻሉም። እኔም እንደገና ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

«እመጣለሁ አባ» አልኩ። «እንሰቱን ብቻ ይተዉልኝ።»

«መቼ?» አሉኝ።

ለሚያንኳኳው ደንበኛ ዳቦውን አቀበልኩት። አባቴ ስልኩን ሳይዘጉ ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፣ ዶማው አፈር ሲመታ ሰማሁ።