ድጎማ እንጂ እርዳታ አልበላም ያለው ሰፊ

ልብስ ሰፊው ድጎማውን የሚወደው ለገንዘቡ ብሎ አይደለም። ገንዘቡማ ምን ገንዘብ ነበር! ቢበዛ የሱቁን ኪራይ ግማሽ ቢሸፍን ነው። ግን ወር በገባ ቁጥር ከማዘጋጃ ቤቱ ተቀብሎ ሲመለስ፣ በጎረቤቱ በፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ደረቱን ነፍቶ ይቆምና፣ "ግማሹን እነሱ፣ ግማሹን እኔ!" ይላል።

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ምላጩ ነው የሚለው፤ ከመቀሱ ይልቅ ምላሱ ይቆርጣል።

"ምነው አንተ፣ ከመንግሥት ጋር ሽርክና ገባህ እንዴ?"

"ታዲያስ!"

"እኔ የምልህ፣ ድጎማም በለው እርዳታ ያው የሰው ገንዘብ አይደል?"

እዚህ ላይ ሰፊው ይቆጣል። የምሩን ነው የሚቆጣው። "ድጎማ ለቆመ ሰው ነው! ግድግዳህ ዘመም ሲል ባላ ያስደግፉልሃል፣ ቤቱ ግን ያንተው ነው። እርዳታ ለወደቀ ነው። እርዳታ የበላ ሰው ሱቁን አስረክቦ፣ ፈቃዱን መልሶ፣ ቤቱ ቁጭ ነው!"

እውነቱን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት መስኮት አለው። አንደኛው ላይ እየሠሩ ያልሞላላቸው ይሰለፋሉ፤ ሁለተኛው ላይ መሥራት ያቃታቸው። የሁለተኛው ገንዘብ እጥፍ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሰው ግን ቆጥሬአለሁ፤ ከዚያ ከሁለተኛው መስኮት አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመለስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ሰፊውን የሚያስጨንቀው ምን መሰላችሁ? ዓይኑ ነው። መጀመሪያ ጭጋግ መጣ፣ ቀጥሎ ጭጋጉ አልሄድ አለ። ሐኪም አየውና "ምነው አባት፣ ቀደም ብለህ ብትመጣ" አለው። በቃ። ይህንን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት ሃያ መርፌ ክር ታስገባለትና ኮሌታው ላይ ትደረድርለታለች፤ ጥቁር ክር በግራ፣ ነጭ ክር በቀኝ። እሱ እየዳሰሰ ይነቅላል፣ እየዳሰሰ ይሰፋል። ልኬቱን እሷ ታነባለች፣ መቁረጡንም እሷ ከያዘች ቆየች።

ሰፊ ስላችሁ ደግሞ የዛሬዎቹን እንዳይመስላችሁ፣ እነሱ ይለጥፋሉ እንጂ አይሰፉም። እኔ እሱ ጋ ያሰፋሁትን ኮት ሠላሳ ዓመት ለብሼዋለሁ። በዚህ አገር ኮት እንደኔ የሚያምርበት ሰውም አልነበረም፣ የሚመሰክሩልኝ ሞቱ እንጂ። ጨርቁ አለቀ፣ ስፌቱ እስከዛሬ አለ። የት ነበርኩ? አዎ፣ ሚስቱ ጋ።

ሚስቱ ሰልችቷታል። "አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ዓይኔ ጠፋ በላቸው። እጥፍ ይሰጡናል፣ እኔም አርፋለሁ።"

"ከሞትኩ በኋላ!"

"ከሞትክ በኋላማ ለማን ሊሰጡ ነው?"

እንዲህ ሲነታረኩ ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ድጎማ የሚበላ ሰው እውነት እየሠራ መሆኑን በዓመት አንዴ ያያሉ። ሰፊው ከማለዳው ጀምሮ የስፌት መኪናውን ባዶውን ሲረግጥ አረፈደ፤ ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማ ብሎ ነው። ሚስቱ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ለጋ ነው፣ ትሑት ነው፣ ቸኩሏል። "አባባ፣ ሥራ እንዴት ነው?"

"መኪናው ሲጮህ አልሰማህም ልጄ?"

ሰውየው ሳቅ አለ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገ፣ ሊወጣ ተነሣ። አልቆ ነበር እኮ! አንድ እርምጃ ቀርቶት ኮቱን አየና፣ "ከመጣሁ አይቀር ይቺን ቁልፍ ይተክሉልኛል? ልትወድቅ ነው" አለ።

"ወዲህ በል፣ እኔ እተክልልሃለሁ" አለች ሚስቱ፣ እጇን ዘርግታ።

"አንቺ ተይ!" አለ ሰፊው። "እንግዳ የመጣው ወደኔ ነው።"

ትዕቢት ናት። ሰው የሚወድቀው ባማረበት በኩል ነው። ኮቱን ተቀብሎ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ከግራ ኮሌታው ጥቁሩን ነቀለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ስድስት ጊዜ ወጋ፣ ሥሯን ጠመጠመ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ምላጩ ሳይቀር ከነፎጣው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ያያል።

"እንካ! ኮቱ ያልቃል እንጂ ይቺ ቁልፍ አትወድቅም!"

ተቆጣጣሪው ኮቱን ሳብ ሲያደርግ የሰፊው ሱሪ አብሮ ተነሣ። ኮቱን ከገዛ ሱሪው ጋር፣ ጉልበቱ ላይ ሰፍቶታል። ምላጩ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ። "አንተ፣ እንግዳ ሸኝ ቢሉህ..." ብሎ ጀመረና ቀና ሲል የሰፊውን ዓይን አየ። ዓይኑ ወደ ሳቁ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ነበር። ምላጩ ያን ጊዜ አፉን በፎጣው ያዘ።

ተቆጣጣሪውም ጎንበስ አለና እጁን በሰፊው ፊት አወዛወዘ። "አባባ፣ ይህቺን እጄን ያዩዋታል?"

"የትኛዋን?" አለ ሰፊው።

ሚስቱ በመቀስ ለያየቻቸው። ተቆጣጣሪው መዝገቡን መልሶ ገለጠ።

"የሚበልጠውን ነው የምጽፍልዎት አባባ፣ እጥፉን።"

"አትጻፍ ልጄ።"

"ይጠቅምዎታል እኮ።"

"ከማገኛት ላይ ግማሹን ቀንስና ድጎማ በላት።"

"እንደሱ አይሆንም አባባ። ድጎማ ለሚሠራ ሰው ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን እያደረግሁ ነው?" አለ ሰፊው። መኪናዋን አንድ ጊዜ በእግሩ ረገጣት፤ ተሽከረከረችና ቆመች።

በወሩ ፈቃዱ ተመለሰ፣ የሱቁ በር ቁልፍ ተሰጠ፣ መኪናዋን አንድ ነጋዴ በጋሪ ጭኖ ወሰዳት። ወደ ሁለተኛው መስኮት ክንዱን ይዞ የመራው ምላጩ ነው፤ ያ ሁሉ ምላስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል "ሥራ?" አለች። ሰፊው አፉን ሲከፍት ቀድማው "የለም" ብላ ጻፈች። እርዳታ ለሚቀበል ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጻፈው።

ቤት ውስጥስ? ገንዘቡ በዛ። ሚስቱ የልብስ ሳጥኑን ሰበብ አድርጋ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች እንጂ፣ መርፌ ከማስገባት አርፋለች። እሱ ግን ጠዋት ሲነጋ ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣል። አራተኛው በር፣ ድሮ ሱቁ የነበረው ጋ ሲደርስ ይገባል። ሱቁን የተከራየችው ሳሙናና ጨው የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከሌላ ሰፈር ስለመጣች አታውቀውም። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር፣ እጁን ዘርግቶ በሩን ሲዳስስ አየችና፣ "እግዜር ይስጥዎት አባቴ" አለችው፣ ለለማኝ እንደሚባለው።

ሰፊው እጁን ኪሱ ከተተ።

"ጨው ስጪኝ" አለ። "ገዢ ነኝ።"

በማግሥቱም ሄደ። በሦስተኛውም። ሳምንት ሲሞላው እቤት መደርደሪያው ላይ ሰባት ጨው ተሰልፏል። ሚስቱ ስታይ ቆይታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ጨው ባሕር ልንሠራበት ነው?" ልትል አፏ ላይ መጣና ዋጠችው። በስምንተኛው ቀን ሰፊው ተነሥቶ ታጥቦ በሩ ጋ ሲደርስ፣ እሷ ተከትላ መዳፉ ውስጥ ሳንቲም አስጨበጠችው።

"ጨው አልቋል" አለችው።