አልወርድም ያለው ጠጅ

የወንድሜን ልጅ ቤዛን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርሌ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን መጀመሪያ ላይ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ታላቅ ወንድሜ ዘውዱ ሽማግሌ የላከውን ልጅ አልወደደውም። ናሆም አንገቱን የደፋ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ማደሉ ብቻ ነው። ወንድሜ ደግሞ ይኸን ሁሉ ዘመን ላስ ቬጋስ ሲኖር የካዚኖ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሽማግሌዎቹን እንቢ አይላቸውም፤ «ተመካክረን እናሳውቃችኋለን» ብሎ ሊመልሳቸው ነበር ያሰበው። የእሱ ምክክር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ቤዛ ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም።

ጠጁን የጣሉት አክስታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ አስቀምጠውት የቬጋስ ሙቀት ተጫወተበት፤ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው ቢቀዳ የጎርፍ ውሃ መሰለ። እትዬ አገጫቸውን ይዘው ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ሆቴል አብራኝ ክፍል የምታጸዳ ሞሪን የምትባል ፈረንጅ አለች፤ ያደገችው በአገሯ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ከረጢት ሙሉ ደረቅ ነገር ሰጥታኝ ነበር፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ጥምልምል ያለ፣ ባሕር ባሕር የሚሸት። የባሕር ሣር ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ውሃው ሲሸሽ ወርደው ይለቅሙታል። አባቷ ቤት ውስጥ ቢራ ሲጠምቅ ከዚህ ቆንጠር አድርጎ የሚፈላው ላይ ጣል ሲያደርግበት ቢራው እንደ መስታወት ይጠራል ብላኛለች። ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ምን ያህል ነው የሚገባው?»

«በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ነው እትዬ።»

«ፈረንጅ ምን የማይቆነጥረው አለ» አሉና ከረጢቱን ተቀበሉኝ። እኔ ሺፍት ነበረኝና ሄድኩ።

በኋላ እንደሰማሁት ከረጢቱን ሙሉ ቀቀሉት። አጥልለው ትኩሱን ከጠጁ ጋር ደባለቁና፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ ብለው በየብርሌው ሞልተው ፍሪጅ ውስጥ ደረደሩት። በማግስቱ የፍሪጁን በር ከፈት አድርጌ ሳየው እንደ ወርቅ ያበራል። «እጅዎን ይባርከው» ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ በዚያ ሙቀት ሦስቱም ሱፍ ለብሰዋል። ዋናው ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩና ተቀመጡ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመካክረን» ሊል መሆኑ የገባቸው እትዬ ብርሌዎቹን በትሪ ይዘው ከተፍ አሉ።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀምስም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጠጁ መልስ አይጠብቅም፣ ይሞቃል» አሉ እትዬ።

ወንድሜም ቅመሱ ብሎ ለመነ። ነውር እንዳይሆን ተቀበሉ።

ጋሽ ታደሰ ብርሌውን ወደ አፋቸው አጋደሉት። ምንም አልወረደም። ጨመር አድርገው አጋደሉት። ከዚያ አንጋጠው ጠበቁ። ሁለተኛው ሽማግሌ በጎን አይተዋቸው እሳቸውም አንጋጠጡ። ሦስተኛው ጠብ ሳይልላቸው ጢማቸውን ጠረጉና «ግሩም ነው» አሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣ ሙሉ ብርሌ ተደፍቶ ሳይፈስ ሳይ ዐይኔን ተጠራጠርኩ።

ጋሽ ታደሰ ብርሌውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«አቶ ዘውዱ፣ እኔ ብዙ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ውሃ እንኳ ሳይቀርብልኝ የወጣሁበት ቤት አለ። የማይጠጣ ጠጅ ግን ዛሬ ገና አየሁ። እንቢ ለማለት አፍ ይበቃ ነበር።»

ሦስቱም ተነሡ። ከኋላዬ የቆመችው ቤዛ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ወንድሜ ምኑም አልገባውም። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ምን ተገኘ?» ብሎ አንዱን ብርሌ አንሥቶ ደፋው። አልወረደም። ነቀነቀው። ቂጡን መታ መታ አደረገው። ይኼኔ ጠጁ ሙልጭ ብሎ ወጣና ክራባቱ ላይ አረፈ። እዚያ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጭኑ ወረደ።

«ግን ጠርቷል» አሉ እትዬ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ታደሰ ብቻ አልሳቁም። በሩ ጋ ደርሰው እጀታውን ይዘዋል።

«የባሕር ሣር በዝቶበት ረግቶ ነው» ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ።

«ጭራሽ ሣር ነው ያቀረባችሁልን?» አሉ።

ወንድሜ ጭኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። እንዲህ ሆነው ከወጡ ዘውዱ ሽማግሌ አዋረደ የሚለው ወሬ ሳይመሽ ቬጋስን ያዳርሳል። አለመሆኑን የሚያሳምንበት አንድ መንገድ ብቻ ቀረው።

«እንቢታ አይደለም ጋሽ ታደሰ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰጥቻለሁ።»

ቤዛ እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ እልልታ አትችልም፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እልልታውን እኔና እትዬ አቀለጥነው። ጠጁን በብርሌው ጠባብ አፍ በረጅም የሻይ ማንኪያ እየቆፈርን በላነው። ጋሽ ታደሰ ደግመዋል።

እትዬ ቆንጠር አድርገው ጨምረው ቢሆን ኖሮ ጠጁ እንደ ወጉ ይጠጣ ነበር፤ ቤዛም ምክክሩ እስኪያልቅ ትጠብቅ ነበር። ዛሬም ሰዎች አውሪልን ይሉኛል፤ አወራለሁ፣ አስቃለሁ። ጋሽ ታደሰ እጀታውን የያዙበት ጋ ስደርስ ግን አሁንም ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።

ወንድሜ በሳምንቱ ለማንም ሳይናገር ናሆም የሚሠራበት ካዚኖ ሄደ። ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆሞ ሺፍቱ እስኪያልቅ ድረስ ሲሠራ አየው። ከዚያ ምሳ ጋበዘው።